እስከ ዝግባው ድረስ

ደጉ እህቱን ሊወስድ ከማንኪራ የመጣው በቅዳሜ ገበያ ነው። ያመጣውን ማር ሸጦ፣ ጨውና ሳሙናውን ገዝቶ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከእህቱ ባል ከወልደሥላሴ ግቢ ገባ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ተናገረ።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ቤተ ዘመድ ተማክረን ጨርሰናል። በዛወርቅን ልውሰዳት።»

«ምን አጎደልኩባት?» አለ ወልደሥላሴ።

«እርስዎ ምንም አላጎደሉባትም። ያበሏታል፣ ያጥቧታል፣ አገር ያየዋል። እህቴን ያከሳት ወሬ ማጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ታወራለች፣ የሚመልስላት የለም። ሰው እንደዚህ ሆኖ እንዴት ይኖራል?»

ወልደሥላሴ በሩ ላይ፣ በርጩማዋ ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን አያት። በዝግታ ለራሷ እያወራች ነበር። ከምትለው አንዱንም አያውቀውም።

በዛወርቅ መርሳት የጀመራት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋት፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፤ ቀጥሎ ወጥ ጥዳ መሄድ መጣ። ሐኪሙ መድኃኒት እንደሌለው ነገራቸው። ወልደሥላሴ ይህን ችሎት ነበር። ጡረተኛ ነው፣ ጊዜ አለው፤ ምድጃውን ተረከበ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረ። ያልቻለው ኋላ የመጣውን ነው። ክረምቱ ሲወጣ አማርኛው ከአፏ ይጠፋ ጀመር። በመስቀል ሰሞን አንዳንድ ቃል ይሰወርባት ነበር። በኅዳር ከምትናገረው ግማሹ የካፋው ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ሆነ። ታኅሣሥ ሲገባ፣ በአማርኛ ሲያናግራት አፍ አፉን ማየት ብቻ ሆነ። ከእናቷ የሰማችው ቋንቋ ቀረላት፤ ትምህርት ቤት ገብታ የለመደችው ሄደ።

እሱ ደግሞ ካፊኖኖ አይችልም። የመንዝ ሰው ነው። በደርግ ጊዜ፣ ገበሬው ቡናውን ከመንግሥት ደብቆ እንዳይሸጥ ኬላ ላይ የሚፈትሽ የቡና ቁጥጥር ሠራተኛ ሆኖ ቦንጋ ተመደበ፤ እዚያው አገባ፣ እዚያው አረጀ። ልጅ አልሰጣቸውም። ለቅሶ ቤት አጠገቡ ተቀምጣ ሰው የሚለውን በጆሮው የምታቀብለው፣ ገበያ ላይ የምትከራከርለት፣ ከገበሬ ጋር ሲጣላ መሃል ገብታ የምታስታርቀው እሷ ነበረች። መንግሥት ተለውጦ ትምህርቱም ስብሰባውም በካፊኖኖ ሲጀመር፣ መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ክልል ለመጡ ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት በኋላ አስተማሪ መድቦላቸው ነበር። ወልደሥላሴ ሁለት ቀን ሄዶ ቀረ።

«ምነው ቀረህ?» ብላው ነበር በዛወርቅ ያኔ።

«አንቺ እያለሽልኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ቃል የምደጋግመው ምን በወጣኝ?»

ሳቀችበት። ደስም ብሏት ነበር።

አሁን ደጉ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ መልስ ይጠብቃል።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለ ወልደሥላሴ። «ነገ እሑድ ነው። ወንዝ እንውረድ። ዝግባው ሥር እስክንደርስ ታገሠኝ። እዚያ ካላወቀችኝ ውሰዳት፤ አንድ ቃል አልናገርም።»

ዝግባው ከግንድ ድልድዩ ማዶ ያለ ትልቅ ዛፍ ነው። ባልና ሚስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በወንዙ ዳር እየሄዱ፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ሥሩ ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየቆረጠሙ ውሃውን ማየት ልማዳቸው ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ላይ ሲሄዱ በዛወርቅ መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ ሄደች። ዛፉ ሥር ሲቀመጡ ግን ዞር ብላ አየችውና «ወልዴ፣ ጋቢህን ደረብ አድርግ፣ ይበርድሃል» አለችው። ጥርት ያለ አማርኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም። ከዚያ ወዲህም ወገቡ ተይዞ ወንዝ አልወረዱም።

ደጉ አሰበበት። «ዝግባው መንገዳችን ላይ ነው» አለ። «ካወቀችዎት ይዘዋት ይመለሳሉ። ካላወቀችዎት በዚያው አሳልፌ እወስዳታለሁ። ልብሷን ለቀጣዩ ገበያ ስመጣ እወስደዋለሁ።»

«ይሁን።»

በማግስቱ ቅዳሴ ወጥቶ ሦስቱም ተነሡ። በዛወርቅ ነጩን ነጠላዋን ለብሳለች። ወልደሥላሴ ቆሎና ቁራሽ ዳቦ በመሐረብ ቋጥሮ እጇ ላይ አደረገላት፤ ድሮም ቋጠሮውን የምትይዘው እሷ ነበረች። ጎረቤታቸው እትዬ ዙፋን አጥሩ ላይ ልብስ እያሰጣች አየቻቸው።

«ውይ ሙሽሮች! ዛሬስ ሚዜም ይዛችኋል!»

«ሚዜው ሙሽራዬን ሊነጥቀኝ ነው የመጣው» አለ ወልደሥላሴ።

«እሰይ! ጎሽ ደጉ! ይህን ሽማግሌ እኔ አገባዋለሁ፣ ወጥ መሥራት ተምሯል አሉ።»

ከዚያ ዙፋን ወደ በዛወርቅ ዞራ በካፊኖኖ አንድ ነገር አለቻት። በዛወርቅ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ወልደሥላሴ ሳቋን ከሰማ ሰንብቷል። ሴትዮዋ ልብስ እያሰጣች፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ እንደ ዋዛ አመጣችው።

በዞኑ ጽሕፈት ቤት በር አለፉ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት ቀርተውታልና በሩ ላይ ጨርቅ ተሰቅሏል። ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። መንገዱ ስለሚጠብ ደጉ ፊት፣ በዛወርቅ መሃል፣ ወልደሥላሴ ከኋላ ሆኑ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው፤ በየደጁ የተሰጣው ቡና ይሸታል። ወንዙ ዳር ሲደርሱ ብርዱ መጣ። ውሃው ድንጋዩን እየላሰ ይወርዳል። ከበላዩ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። በረጅሞቹ ዛፎች አናት ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች እዚህም እዚያም ይታያሉ፤ በዛወርቅ በጣቷ እያሳየች ለወንድሟ ታወራለች።

«ምን አለች?» አለ ወልደሥላሴ።

«ያኛው ቀፎ የማን ነው ትላለች።»

ወልደሥላሴ ደስ አለው። እግሯ ደህና ነው። ድሮ እንደምትራመደው ትራመዳለች፤ ሥር ሲያጋጥማት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ትሻገረዋለች። ዝግባው ሥር ሲደርሱ የሚላትን በልቡ ያሰናዳ ጀመር። ምንም አይላትም። ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጋቢውን ትከሻው ላይ አይደርበውም፤ ሳይደርበው ቁጭ ይላል፤ እሷ ታየዋለች።

ትንሽ እንደሄዱ በዛወርቅ ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ለደጉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ብዙ አወራችው።

«ምን አለች?»

«መንገዱ ያንሸራትታል አለች።»

እንደገና ዞር ብላ አየችው። እርምጃዋ ፈጠነ። እንደገና ለወንድሟ አወራች፤ አሁን ረዘም ያለ ነው፣ እንደ ጥያቄ ያለ ነገርም አለበት። ደጉ በአጭሩ መለሰላት፤ እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ክንዷን ነካ ነካ አደረጋት።

«አሁንስ?»

«ምንም አይደል። ስለ ውሃው ነው።»

ወልደሥላሴ ቃሉን ልብ አለው። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በሰው አፍ እየሰማ ነው። ረጅም ተነግሮ አጭር ሲተረጎም መሃል ላይ የተቀበረ ነገር እንዳለ ያውቃል፤ ኬላ ላይ ስንቱን ጆንያ ያስፈታው በዚያ ነው። ግን መንገዱን ቀጠለ። መንገዱ ታጥፎ ሲያበቃ የዝግባው አናት ከሌሎቹ ዛፎች በላይ ብቅ ብሎ ታየ። ከሥሩ ድልድዩ አለ። ከዚህ ወዲያ ሩቅ አይደለም።

በዛወርቅ እዚያ ቆመች።

ደጉ ጠራት፤ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷን ወደ ወልደሥላሴ አዙራ፣ ቋጠሮውን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ማለት ጀመረች። ከኋላዋ ወንዙ ነው። ዳሩ ተቦርቡሮ ውሃው ከሥር ይጮኻል።

«በዙ! ውሃው! ውሃው!» አለ ወልደሥላሴ።

አልሰማችውም። ሰማችው፤ አልገባትም። አንድ እርምጃ ጨመረች። ያኔ በቋንቋዋ ሊናገራት አፉን ከፈተ። አይዞሽ የሚለውን አያውቀውም። አትፍሪ የሚለውንም፣ እኔ ነኝ የሚለውንም አያውቀውም። ከአፉ የመጣለት ሥራው ያስለመደው ነበር። በካፊኖኖ «ቁሚ!» አላት። «ወዲህ ነይ!» አላት። ቃላቱን ከኬላ ውጭ ተጠቅሞባቸው ስለማያውቅ፣ የኬላውን ድምፅ ይዘው ወጡ።

በዛወርቅ ቆመች። ከዳሩ ተመልሳ ወደ መንገዱ መጣችና ተንበረከከች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። ቋጠሮውን መሬት አስቀምጣ ፈታችው፤ መሐረቡን ዘርግታ ቆሎውንና ዳቦውን በየፊናው ለየችው፤ ከሥሩ ምንም እንደሌለ እንዲያይ መሐረቡን ገለበጠችው። ከዚያ እጆቿን ዘርግታ ወደ ላይ እያየችው ትለምን ጀመር። ንግግሯ አያቋርጥም።

ወልደሥላሴ ገበሬዎች ፊቱ እንዲህ ተንበርክከው ጆንያ ሲፈቱ አይቷል። ብዙ ጊዜ አይቷል።

«ምን አለች?»

ደጉ ጎንበስ ብሎ ቆሎውን ከመሬት እየለቀመ ነበር። «ደክሟታል» አለ፣ ሳያየው።

«ደጉ፣ እኔ ሰው ሲሸሽግ በጆሮዬ ነው የማውቀው። ይህን ሁሉ ተናግራ ደክሞኛል ብቻ ነው?»

«ይተዉት ጋሼ።»

«ንገረኝ።»

ደጉ ቀና አለ። «አባቴ ቤት የለም ነው የምትለው። ቡና አልደበቅንም፣ ይኸው እዩት፣ ወንድሜን አትሰሩብኝ ነው የምትለው።»

«ቀድሞስ? መንገዱ ላይ ስታወራህ የነበረው?»

«ይህ ሰውዬ ለምን ይከተለናል ትለኝ ነበር። ከቤት ጀምሮ። የቢሮ ሰው ነው፣ ፈጠን በል፣ ዱር ውስጥ እንግባ እያለች።»

ወልደሥላሴ «ለምን ደበቅከኝ?» አለ። «ብትነግረኝ እዚያው ከቤት ይዘሃት ትሄድ ነበር። የመጣኸው ለዚያ አይደል?»

«አዎ፣ ለዚያ ነው።» ደጉ ዝግባውን በአገጩ አመለከተ። «እኔ ግን እዚያ ስትደርስ ምናልባት ታውቅዎት እንደሆነ ብዬ ነው።»

ወልደሥላሴ አባቷ ግቢ መጀመሪያ የገባው በፍተሻ ነበር። ከተማ ተምራ የመጣች ልጅ በእሱና በአባቷ መሃል ቆማ አስተረጎመች። «አባቴ ቡና አልደበቅንም ይላል» አለችና በሳቅ ፈነዳች፤ ተደብቋላ። እሱም ዐውቆ እንዳላወቀ ሆነ፤ ውሃ ጠጥቶ ወጣ። በሳምንቱ ያለ ሥራ ጉዳይ ተመልሶ መጣ። ይህን ባልና ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየተቀባበሉ ሲያወሩት ኖረዋል። የሚሳቅበት ነገር ነበር። ልጅቷ ያን ቀን ፍርሃት በሆዷ ይኑር አይኑር፣ ሳቁ ምን ይሸፍን እንደነበር፣ ጠይቋት አያውቅም።

«ጥቂት ነው የቀረን» አለ ደጉ። «እኔ ይዤ ላሻግራት። እርስዎ ራቅ ብለው ይምጡ። ዛፉ ሥር ስትቀመጥ ያኔ ቀረብ ይበሉ። ሳንሞክረው አንመለስ።»

ወልደሥላሴ ዝግባውን አየ። ድንጋይ ቢወረውር ይደርሳል። እዚያ ሥሩ ላይ ስሙን ጠርታዋለች። ከዚያ ሚስቱን አየ። ዓይኗን ከእሱ ላይ አታነሣም፤ ልታሳየው ያፈሰችው ቆሎ ከጣቶቿ መሃል ይፈስሳል። እየፈራችው ሊነዳት ነው እስከዚያ ድረስ።

«ይብቃ» አለ።

«ጋሼ...»

«ይብቃ አልኩህ። ከዚህ ወዲያ አልሄድም። ውሰዳት።»

ከመንገዱ ወጣ። ወደ ኋላ ሄደና ከእሷ ራቅ ብሎ፣ ቁመቱ እንዳያስፈራት፣ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ፣ እንዲታዩ አድርጎ አኖራቸው።

«ባልሽ መልእክት ልኮልሻል በላት» አለ ከዚያው። «ከወንድምሽ ጋር ማንኪራ እንድትሄጂ ፈቅዷል በላት። ሰውዬው ይህንን ሊነግርሽ ነው የተከተለን በላት።»

ደጉ አጎንብሶ ነገራት። በዛወርቅ ሰማች። ትከሻዋ ወረደ። ነጠላዋን አነሣች። ከዚያ ወልደሥላሴን አየችና ራሷ ጠየቀች፤ አሁን ድምፅዋ ሰው ቤት እንደመጣች እንግዳ ጨዋ ነው።

«እሱስ ለምን አልመጣም ትላለች» አለ ደጉ። አሁን የተባለውን ሁሉ፣ ሳይቀንስ ነበር የሚናገረው።

«ሥራ ይዞት ነው በላት።»

«ሁልጊዜ ሥራ ነው አለች። ደህና ነው ወይ ትላለች።»

«ደህና ነው።»

በዛወርቅ ብዙ ተናገረች። አንዴ ፈገግ አለች፤ አንዴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ደጉ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«ባሌ የኛን ቋንቋ አይሰማም ትላለች። ገበያ ሲሄድ እኔ ነኝ የማነጋግርለት። ለቅሶ ቤት እኔ ነኝ። እኔ ከሄድኩ ሰው ሲያናግረው ምን ይመልሳል? ያፍራል እኮ። ዝም ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ይህን አስባችኋል ወይ ትላለች።»

ወንዙ ይሰማል። ወልደሥላሴ ሣሩን ነጭቶ ጣለው።

«ተምሯል በላት» አለ። «አሁን አሳምሮ ይችላል በላት።»

ደጉ ነገራት። በዛወርቅ ሳቀች። ለዙፋን እንደሳቀችው፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። አንድ ነገርም አለች።

«አይሆንለትም አለች» አለ ደጉ። «አውቀዋለሁ፣ እሱ አይሆንለትም አለች።»

ወልደሥላሴ ራሱን ነቀነቀ።

ደጉ መሐረቡን አጥፎ ቋጠረላት። እጇን ይዞ አስነሣት። «እርስዎም በኋላ ይምጡ» አለ። «ትንሽ ስትረጋጋ ይምጡ። ቤቱ ቤትዎ ነው።»

«እመጣለሁ።»

ወንድምና እህት ወደ ድልድዩ ሄዱ። እሷ አሁን አልፈጠነችም። ግንዱ ላይ ከመውጣቷ በፊት ዞረች። ኬላ ላይ ያለ ችግር የተለቀቀ ሰው እንደሚያደርገው፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለወልደሥላሴ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች። እሱም ተቀምጦ እጅ መንሣት ነውር ሆኖበት ተነሣ፤ ግን ሲነሣ ደንገጥ እንዳለች አይቶ ወዲያው ተቀመጠ። ከተቀመጠበት ራሱን ዝቅ አደረገ። ተሻገሩ። ዝግባው ሥር ሲደርሱ አልተቀመጡም። አልፈውት ሄዱ፤ ነጠላዋ በቡናው ዛፎች መሃል ሁለት ሦስት ጊዜ ታየ፤ ከዚያ አልታየም።

ወልደሥላሴ እንደገና እስኪነሣ ወገቡ አስቸገረው። የመጣበትን መንገድ ያዘ። ውሃው አሁን በቀኙ ነው። መንገዱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነበር።

ቁልቁለቱ ሥር ሲደርስ ቡና የጫነ በቅሎ የሚነዳ ሽማግሌ አገኘው። ሰውየው በቅሎውን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀና በካፊኖኖ ሰላምታ ሰጠው። ሰላምታውን ያውቀዋል፤ መለሰ። ሰውየው ፊቱ እየበራ ቀጠለ፤ ረጅም ነገር አወራ፤ በወንዙ በኩል እጁን ዘርግቶ አሳየ፤ ከዚያ ጠየቀና መልስ ጠበቀ። ወልደሥላሴ፣ በዛወርቅ ልታስተረጉምለት ሁልጊዜ ወደምትቆምበት፣ ወደ ግራው ዞረ። እዚያ ቁጥቋጦ ነበር።

ወደ ሰውየው ተመለሰ። አፉን ከፈተ። በቅሎው እግሩን ቀየረ። ሰውየው ትንሽ ጠበቀ፤ ባርኔጣውን አጠለቀና በቅሎውን ነድቶ አለፈ።